ጠገራ ብር፣ ስሙኒ፣ የአክሱም ሳንቲም፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ከምናለሽ ተራ የገዛሁትን ጠገራ ብር ካሳየኋችሁ ወዲህ ጥያቄው በዛ። እስቲ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ፦ አያቴ የተዉልኝ ማርትሬዛ (ጠገራ ብር) 1780 ይላል። ከ240 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። 1780 ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ ያውም በፈረንጅ። ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ቪየና፣ ሮም፣ ፓሪስ፣ ለንደን፣ ቦምቤይ መትተውታል። ቪየና ዛሬም ትመታለች። ስለዚህ ብሩ ትክክለኛ ሆኖ አሮጌ ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ አስመስለው የሠሩትን በምን ልለየው?

መልስ፦ መጀመሪያ ሚዛን። የትኛውም ወርቅ ቤት ይመዝንልሃል። 28.07 ግራም ነው የተሠራው። በእጅ ብዛት ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ 25 ከሆነ ግን ለሻጩ መልስለት። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥሎ ጠርዙን እይ። «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎላ ብሎ ዞሮታል። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ከሆነ ጠርዙ ልሙጥ ነው፣ ወይም ሁለቱ ግማሾች የተገጠሙበት መስመር ይታያል። የንግሥቲቱ ትከሻ ጌጥ ዙሪያ ያሉት ዕንቁዎችም አንድ በአንድ የሚቆጠሩ መሆን አለባቸው። ድሮ ገበያተኛው ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው።

ጥያቄ፦ ማግኔት አይበቃም?

መልስ፦ ከያዘው ብር አይደለም፣ አለቀ። ካልያዘው ግን ምንም አላወቅክም፤ ነሐስም እርሳስም አይያዙም። ውሃ ይሻላል። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጥና ቁጥሩን ዜሮ አድርገው። ብሩን በክር አንጠልጥለህ ውሃው ውስጥ አስጥመው፣ ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ 2.75 ግራም አካባቢ ማሳየት አለበት። ይህ የተገፋው ውሃ ክብደት ነው። ክብደቱ 28 ሆኖ እዚህ ላይ ከ3 ካለፈ፣ ውስጡ ሌላ ብረት ነው።

ጥያቄ፦ የምኒልክ ብር አቅርበውልኛል። ሻጩ ታሪኩን ሲያወራ እንባ ያስመጣል።

መልስ፦ እኔንም እንባ አስመጥቶኛል፣ በኋላ። ከዓመታት በፊት አንድ ሻጭ «አያቴ ዓድዋ ሲዘምቱ ኪሳቸው ውስጥ የነበረ» አለኝ። ምኑን አየሁ፣ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ዓመቱን ሳነብ ፲፰፻፹፱ ይላል። ዓድዋ የካቲት 1888 ነው! አያትየው ገና ያልተመታ ብር ይዘው ዘምተዋል ማለት ነው። ብመዝነው 23 ግራም፤ እውነተኛው እንደ ማርትሬዛው 28 ነው። በማጉያ መነጽር ሳየው የአንበሳው ጎፈር የቀለጠ ሳሙና መስሏል፣ ፊደሎቹ አብጠዋል፣ ምስል የሌለበት ሜዳው ላይ የአየር አረፋ የተወው ጥቃቅን ጉድጓድ ሞልቷል። እውነተኛው ፓሪስ በማሽን የተመታ ነው። ቢያረጅም የቀሩት መስመሮች ስል ናቸው።

ጥያቄ፦ የንጉሡ ዘመን ክብ ስሙኒ አለኝ፣ ነጭ ነው። ብር ነው?

መልስ፦ መዳብ ነው፣ የተቀባ። ባለ 1936ቱ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር። ሰዉ ብር እየቀባ እንደ ሽልንግ ይከፍልበት ጀመር፤ ሃምሳ ሳንቲሙ የእውነት ብር ነበራ! ከዚያ ነው ጠርዙን እንደ አበባ ያደረጉት። ያንተ ምናልባት የዚያን ጊዜ ማጭበርበሪያ ነው። እኔ ብሆን አልሸጠውም።

ጥያቄ፦ በሎሚና በአመድ ልፈትገው?

መልስ፦ ኧረ ተው! ሰብሳቢ የሚፈልገው ያንን ጥቁረት ነው።

ጥያቄ፦ ከዋሽንግተን ነኝ። አክሱም ስሄድ ልጆች የጥንት ሳንቲም ሲሸጡ አያለሁ። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ፣ እህቴ። አስመስለው የሠሩት ከሆነ ብርሽ ባከነ። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። እንዲሁ ለማወቅ ያህል፣ እውነተኞቹ ጥቃቅን ናቸው። ወርቁ ከጥፍርሽ ብዙም አይበልጥም። የጠገራ ብር ያህል ሰፍቶ «የኢዛና ነው» ከተባለ ሳቂና እለፊ። መስቀልም የመጣው ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ጨረቃና ክብ ነው። ከኢዛና በፊት የነገሠው የእንዱቢስ ነው ብለው ባለ መስቀል ካመጡልሽ፣ ሠሪው ታሪክ አላነበበም።