«እንዴት አደሩ?» ብላችሁ አትለፉ

ልጆቼ፣ ነርስነት የጀመራችሁ ሁሉ፣

ለታመመ ሰው የማይረባ ጥያቄ ቢኖር «ደህና አደሩ?» ነው። ለሰላምታ ይሁን፣ አልጠላም። ግን መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሆዷ ተቀዶ የተሰፋች ሴት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላችኋለች። ትንፋሽ ያጠራቸው አዛውንት «አልሐምዱሊላህ» ይሏችኋል። ያደግነው በምስጋና ነው፤ የሕክምና ሰው ማስቸገር ነውር ይመስለናል። እናንተም ቻርቱ፣ የበሽተኛው መዝገብ ላይ «ቅሬታ የለም» ብላችሁ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋላችሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። አራት ኪሎ ነው የምኖረው፣ ከነርስነት ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ልጅቷ ዘንድሮ በነርስነት ተመርቃ ሥራ ጀምራለች። ቅዳሜ ቡና ላይ ስትመጣ ስለ ማታ ተራዋ ጠየቅኳት። አሥራ ስምንት በሽተኛ ይዛ አድራለች።

«እንዴት አደሩልሽ?»

«ሁሉም ስቴብል ናቸው፣ ሲስተር።»

ሳቄ መጣ። አሥራ ስምንት ሰው በአንድ ሌሊት ስቴብል፣ ማለትም ደህና፣ ከሆነማ ያ የሕሙማን ዋርድ ሳይሆን ገዳም ነው። ግን ሳቄ ብዙ አልቆየም። የራሴ ትዝ አለኝ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ወሊድ ክፍል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፣ አመሻሹን የወለደች ወጣት ሴት ቫይታል ሳይን፣ ማለትም ግፊት፣ የልብ ምትና ትንፋሽ ለካሁ። ግፊቷ 110 በ70፣ የልብ ምቷ 118። ትንፋሿን 20 ብዬ ጻፍኩ። አልቆጠርኩትም። በዚያ ክፍል የሁሉም ሰው ትንፋሽ 20 ነበር፤ ዛሬም ብዙ ቻርት ላይ ያው 20 ነው። 118ን «ደክሟት ነው» ብዬ አለፍኩ። ሁለቴ ውሃ ጠየቀችኝ። ትገላበጣለች፣ ጋቢዋን ትገፋለች። «ተኚ እንጂ እህቴ» አልኳት።

እናቷ መጡ። «ልጄ ላብ ላብ አላት፣ እጇም ቀዝቅዟል።»

«አሁን እኮ ለክቻታለሁ፣ እማማ። ግፊቷ ጥሩ ነው።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ሌላ ነበር። ሄጄ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ደሙ ንጣፉን አልፎ ፍራሹ ውስጥ ገብቷል። ማህፀኗን እያሸሁ ተጣራሁ፣ በሁለት እጇ የደም ሥር መስመር ተከፈተ፣ ሐኪሙ ተጠራ፣ ደም ተሰጣት። ተረፈች። ያተረፏት ግን እናቷ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

ግፊቷ ለምን እንዳልወረደ በኋላ ነው በደንብ የገባኝ። የወጣት ሰውነት ደም ሲያጣ ልቡ ይፈጥናል፣ የእጅና የእግር ሥሮቹ ይጠብባሉ። እጅ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። በዚህ ዘዴ ከደሙ ሩብ ያህሉ ሄዶ እንኳ ግፊቱ ላይወርድ ይችላል። ሲወርድ ረፍዷል ማለት ነው። 118ን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ጥማቱን አይቻለሁ፣ መገላበጡን አይቻለሁ፣ ስለ ላቡ ተነግሮኛል። አንዱን ከአንዱ ጋር አላገናኘሁትም። ትምህርት ቤት «ክሪቲካል ቲንኪንግ» እያሉ ኮርስ ሲሰጧችሁ ትልቅ ነገር ይመስላል። በዚያ ሌሊት ከእኔ የጎደለው «ለምን 118?» የምትል ጥያቄ ብቻ ነበረች።

ስለዚህ ትንፋሽ ቁጠሩ። ሙሉ አንድ ደቂቃ። እየቆጠራችሁ መሆኑን በሽተኛው ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል፤ ስለዚህ የልብ ምት እንደምትቆጥሩ ሆናችሁ እጁን ያዙና ደረቱን እዩ። የአዋቂ ሰው ከ12 እስከ 20 ነው። ማሽን አይፈልግም፣ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈልገው። በሽተኛ ሊከፋበት ሲል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠውም እሱ ነው። የሚያሳዝነው፣ የግፊት መለኪያ ፍለጋ ከዋርድ ዋርድ ስንዞር እናድራለን፣ ያለ ምንም መሣሪያ የሚለካውን ግን ከጭንቅላታችን እንጽፋለን።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። «ደህና» ተብሎ ሊመለስ የማይችል ጥያቄ ጠይቁ። «ሌሊት ስንት ጊዜ ተነሱ?» «ለመጨረሻ ጊዜ ሽንት የሸኑት መቼ ነው?» «ትራስ ሳይደርቡ መተኛት ይችላሉ?» በተለይ «ጨጓራዬ ነው» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንገት በታች ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። አንድ አባባን እንዲህ ብዬ ጠየቅኳቸው፦ «የሚይዝዎት ሽሮ ሲበሉ ነው ወይስ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ፒያሳ ሲወጡ?» ትንሽ አሰቡና «ሽቅብ ስወጣ ነው፣ ስቆም ይተወኛል» አሉኝ። ያ ጨጓራ አይደለም፤ ልብ ነው የሚያስጠረጥረው። የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ተደረገላቸው።

በጾም ወራት ደግሞ ግራ የገባው፣ በላብ የተጠመቀ፣ የሚቀባጥር ሰው ሲመጣ ቤተሰቡ ጠበል ወስዶት ሊሆን ይችላል። አትሳለቁ። «ስኳር አለበት? ኢንሱሊን ወግቷል? እህል ቀምሷል?» በሉ። ጣቱን ወግታችሁ ስኳሩን ለኩ። ኢንሱሊን ወግቶ እስከ 9 ሰዓት በመጾሙ ስኳሩ የወረደበትን ሰው ሰካራም ነው ብሎ ጥግ ላይ ማስቀመጥ ይገድላል።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ፣ ይህ የእኛ አገር ጣጣ ነው። «በ8 ሰዓት ይውሰዱ» ሲባል ሐኪሙ ጠዋት ማለቱ ነው፣ እማማ የሰሙት ከምሳ በኋላ ነው። ቻርት ላይም ስትጽፉ የኛ ይሁን የፈረንጅ ለዩ። ለቤት የምትሰጡትን መድኃኒት ደግሞ «ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ማታ ስትተኙ» በሉ።

ሒሳብ ጎበዝ ናችሁ፣ አውቃለሁ። በደም ሥር የሚሰጥ 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ፣ በሚሊ 20 ጠብታ በሚያወርድ ቱቦ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ልክ ነው። ግን የተተከለላቸው እግራቸው ያበጠ፣ ልባቸው የደከመ አዛውንት ከሆኑ ልክ የሆነው ሒሳብ ሳንባቸውን ውሃ ሊሞላው ይችላል። ትእዛዙን ከመፈጸማችሁ በፊት ጠይቁ።

አንድ ነገር ያናድደኛል። «ዲግሪ ይዤ ሰው ላጥብ?» የምትሉ አላችሁ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቃለች። የዚያ ዘመን ተማሪ ነርስ ሥራዋ የሚጀምረው ከማንጠፍና ከማጠብ ነበር። እኛ ማጠቡን ለአስታማሚ ትተነዋል፤ ስንተወው ቆዳውን ማየትም ትተናል። መጽሐፉ የአልጋ ቁስል በመቅላት ይጀምራል ይላል። የተጻፈው ነጭ ቆዳ ታይቶ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል። በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ፤ ከጎኑ ካለው ቆዳ የሚሞቅ፣ የሚጠነክር ወይም የጠቆረ ቦታ ፈልጉ። ተረከዝና የጀርባ ታች አትርሱ። ደም ማነሱንም ከፊት ሳይሆን ከዓይን ሽፋን ውስጥና ከመዳፍ እዩ።

ከዚያ ሐኪም መጥራት አለ። በሌሊት ደውላችሁ «ዶክተር፣ በሽተኛዋ ደስ አላለችኝም» ካላችሁ «እሺ፣ ተከታተሏት» ብሎ ይተኛል። እንዲህ በሉ፦ «ከወሊድ ክፍል ነው። አልጋ 6 ያለችው ከወለደች 3 ሰዓት ሆኗታል። የልብ ምቷ ከ96 ወደ 118 ወጥቷል፣ እጇ ቀዝቅዟል፣ ንጣፉ ርሷል። እየደማች ይመስለኛል፣ አሁኑኑ መጥተው ይዩልኝ።» ቢቆጣ ይቆጣ። እኔ የተቆጡኝን ሐኪሞች መልክ ረስቻለሁ፣ የእኚያን እናት ድምፅ ግን አልረሳሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ እንደገና መጣች። ጫማዋን በር ላይ ሳታወልቅ ነው የጀመረችው።

«ሲስተር፣ ሁሉንም ቆጠርኩ። አልጋ 11 ላይ 32 አገኘሁ።»

«ከዚያስ?» አልኳት።

ተቀመጠችና ታወራልኝ ጀመር።