ውሻ ለነከሰው ሰው፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በጥብቅና ሥራዬ ውሻ ነክሷቸው ለሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ።

ጥ፦ የስምንት ዓመት ልጄን የጎረቤት ውሻ እግሩን ነከሰው። ቁስሉ ጭረት ብቻ ነው፤ ባለቤትየዋ «ውሻዬ ጤነኛ ነው» ትላለች። ልክሰሳት?

መ፦ እህቴ፣ ክሱ ይቆይ። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት ሙሉ እጠቢው፤ ሰዓት እያየሽ። ከዚያ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው ሲተርፍ የታየው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ጭረት ነው ብለሽ አትዘናጊ። ውሻው አይገደል፣ ታስሮ አሥር ቀን ይታይ። ክትባቱ ግን አሥሩን ቀን አይጠብቅም፤ ውሻው ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ራሱ ያቋርጠዋል።

ጥ፦ እናቴ ጠበል ይበቃል ይላሉ።

መ፦ እናትህን አክብር፣ ጠበሉም ይቅር አልልም። ግን መጀመሪያ ክትባት። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጥ፦ በግቢዬ በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብዬ ጽፌያለሁ። ውሻው አምልጦ መንገደኛ ቢነክስ እጠየቃለሁ?

መ፦ ይጠየቃሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥም እንኳ ባለቤቱ ለጉዳቱ ኃላፊ ነው። ጽሑፉ ያለው በርዎ ላይ ነው፤ የተነከሰው ሰው በመንገዱ ነበር። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ የታሰረ ውሻ በድንጋይ ሲያስቆጣ ከነበረ፣ ኃላፊነትዎ ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል።

ጥ፦ ባለቤቱ «ገንዘብ የለኝም፣ ውሻውን ውሰድ» አለኝ። ያፌዝብኛል?

መ፦ አያፌዝም፤ አንቀጽ 2074 የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት እንዲወጣ ይፈቅዳል። ነገር ግን እሱ ወይም እሱ የሚጠየቅለት ሰው ጥፋት ካለበት ይህ አይሠራም። ዘበኛው በሩን ከፍቶ ትቶት ከሆነ ምስክር ፈልግ።

ጥ፦ ምን ያህል ካሳ ይገኛል?

መ፦ የሕክምና፣ የትራንስፖርትና ከሥራ የቀራችሁበት ወጪ በማስረጃ ይጠየቃል። የሕሊና ጉዳት ካሳው ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም። ውሻ ባየ ቁጥር እናቱ ቀሚስ ውስጥ ለሚደበቅ ሕፃን 1,000 ብር! ይህ ድንጋጌ መሻሻል አለበት፤ በየመድረኩ የምለውም ይህንኑ ነው።

ጥ፦ የተነከስኩት ባለፈው ዓመት ጥምቀት ነው። አልፎብኛል?

መ፦ አላለፈብህም። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። አንድ አባት በሦስተኛው ዓመት መጡ፤ ደረሰኞቹ በፌስታል ተጠቅልለው፣ የተቀደደው ሱሪ ሳይታጠብ ታጥፎ ተቀምጦ። ማስረጃቸው የተሟላ ነበር፣ ልረዳቸው ግን አልቻልኩም። አንተ በዚህ ሳምንት ማመልከቻህን አስጽፍ።