ባንኮኒው ሥር ያለው ደብተር

ውድ ልጆቼ፣

መጽሐፍ መሸጥ ከጀመርኩ አርባ አምስት ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሦስት ዓመታት ሱቅ አልነበረኝም፤ ሱቄ ክንዴ ነበር። አዟሪ ሲሄድ አይታችሁ ይሆናል፤ ከግራ መዳፉ እስከ አገጩ ድረስ መጽሐፍ ይደረድርና በቀኝ እጁ የተጠየቀውን ከመሃል ይመዛል፤ ክምሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ከባዱ ከሥር፣ ቀጭኑ ከላይ፣ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ገዢው። ከለገሃር ተነስቼ በብሔራዊ ቲያትር በኩል ሽቅብ እስከ ፒያሳ በቀን ሁለት ጊዜ እመላለስ ነበር። ዛሬም ብርድ ሲሆን ክንዴን ይጠዘጥዘኛል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ሁለት ጥያቄ ስለሚደጋገምብኝ ነው። አንዳንዶቻችሁ ትመጡና «ጋሼ፣ መጽሐፍ መደብር ልከፍት አስቤያለሁ፤ ያዋጣል?» ትሉኛላችሁ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ስልካችሁን እያሳያችሁ «ሁሉም እዚህ ካለ ሱቅ ምን ያደርጋል?» ትላላችሁ። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፤ ግን እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ።

እኔ አዟሪ በነበርኩበት ጊዜ መጽሐፍ ገዝቶ የሚያነበው ጥቂት፣ ተከራይቶ የሚያነበው ግን ብዙ ነበር። አንባቢው መያዣ ያስቀምጣል፣ ለየቀኑ ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፣ ሲመልስ መያዣውን ይወስዳል። አንድ ልብ ወለድ በወር ውስጥ ስንት ሰው እጅ ይገባ ነበር! ገጹ ከመነካካት ብዛት ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ መጨረሻው ላይ አንዱ በእርሳስ «ግሩም ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ከሥሩ «አልስማማም» ይላል። ያን እርሳስ ላጲስ አስነክቼው አላውቅም።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ በሰው እጅ የቀረው ቅጂ በጋዜጣ ተሸፍኖ ከቤት ወደ ቤት ይዞር ጀመር። ደራሲው በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። በዚያ ወቅት የመንግሥት መደብሮች መደርደሪያ ሙሉ ነበር፤ በአማርኛ ተተርጉመው ሞስኮ የሚታተሙት መጻሕፍት በጥቂት ብር ይሸጣሉ። ነገር ግን ለማን ምን እንደሚሰጥ፣ ለማን ደግሞ «እንዲህ ያለ መጽሐፍ መኖሩንም አልሰማሁም» እንደሚባል የሚያውቀው አዟሪው ነበር። የኔ ሥራ ምን እንደሆነ መጀመሪያ የገባኝ ያኔ ነው። መጽሐፉን ሁሉም ይሸከመዋል፤ ሰዉን ማወቅ ነው ሥራው።

ደርግ ወድቆ የፕሬስ አዋጁ በ1985 ሲወጣ ቅድመ ምርመራ ቀረ፤ ጋዜጣና መጽሔቱ እንደ አሸን ፈላ። እኔም በዚያው ዓመት አራት ኪሎ አካባቢ ሦስት ሜትር በአራት የሆነች ክፍል ተከራየሁ። ባንኮኒዋን ያሠራሁት ከፈረሰ ቤት በገዛሁት ጣውላ ነው፤ ዛሬም እሷው ናት።

አሁን በሕይወቴ እጅግ የማፍርበትን ነገር ልንገራችሁ።

ሱቁን በከፈትኩ በአምስተኛው ዓመት ገደማ ቆራሌው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። ቆራሌውን አትናቁት። አባወራው ያርፋል፣ ልጆቹ ቤት ያጸዳሉ፣ የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪት በኪሎ ይሸጣል፤ አንድ ሰው መሃል ገብቶ ካላስቀረው የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል። ማዳበሪያውን ስዘረግፈው ከሥር የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ወጣ፤ የ1948ቱ እትም። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ጥራዙ ግን ደህና ነው፤ ብልም አልነካውም።

በደጄ የሚመላለሱ አንድ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ነበሩ። አዩትና ቆመው ቀሩ። «እስቲ ሀገር የሚለውን ቃል ፈልግልኝ» አሉኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ብጀምር ሀ የለም፤ አ ነው ያለው። ግራ ገባኝ። ሳቅ አሉና «በአበገደ ነው የተደረደረው፤ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ከዚያ ሀ» ብለው ገጹን ገለጡልኝ። ቀጥለው ታሪኩን ነገሩኝ። መዝገቡን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ተቀብለው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ ሳይታተም ስላረፉ ደግሞ አደራው የእሳቸው ደቀ መዝሙር ለነበሩት ለደስታ ተክለ ወልድ ወደቀ፤ ደስታም ለማተሚያ ቤት አበቁት። ሦስት ትውልድ። ይህን ሲነግሩኝ ጣታቸው ከገጹ ላይ አልተነሳም ነበር።

ዋጋውን 300 ብር አልኳቸው። በአንድ ጊዜ አይችሉትም፤ ጡረታቸው በገባ በየወሩ 50 ብር ሊሰጡኝ ተስማማን። ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ መጽሐፉ ውስጥ ሸጎጥኩና ባንኮኒው ሥር አስቀመጥኩት። አራት ወር ሳያዛንፉ ከፈሉ።

በአምስተኛው ወር ከውጭ የመጣ አንድ እንግዳ ገባ። ሌላ ነገር ለማንሳት ሳጎነብስ መጽሐፉን አየው። «ተይዟል» አልኩት። 900 ብር አወጣና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። የሁለት ወር ኪራይ ነበረብኝ፤ አከራዬም ጠዋት መጥቶ ተቆጥቶ ሄዷል። ወረቀቱን ከውስጥ አውጥቼ መጽሐፉን ሰጠሁት።

መምህሩ በቀናቸው መጡ፤ 50 ብሯን በአራት አጥፈው ይዘዋል። 200 ብራቸውን መለስኩላቸው። ስለ ኪራዩ ላስረዳ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። «የወሰደው ሰው ያነበዋል?» አሉኝ። «አላውቅም» አልኩ። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ከዚያ ወዲያ በኔ በኩል ሲያልፉ በማዶኛው መንገድ ሆነ፤ ውሎ አድሮም እዚያም ማየቴ ቀረ።

በማግስቱ ባለ ጥቁር ሽፋን የሒሳብ መዝገብ ገዛሁ። ስም፣ የሚፈልገው መጽሐፍ፣ ስልክ፣ ቀን። የመጀመሪያው መስመር ላይ የእሳቸውን ስም ጻፍኩ። ዛሬ ስድስተኛው ደብተር ላይ ነኝ። የተገኘ መጽሐፍ መስመሩ ይሰረዛል፤ ያልተገኘው ወደ አዲሱ ደብተር ይገለበጣል። ገዢ ምን ያህል ቢሰጠኝ፣ ደብተሩ ላይ ባለቤት ላለው መጽሐፍ ዋጋ አልነጋገርም።

«ሱቅ ምን ያደርጋል?» ላላችሁኝ፣ ደብተሩን ላንብብላችሁ። አንዲት ነርስ አባቷ በልጅነቷ ያነቡላት የነበረውን የተረት መጽሐፍ ትፈልጋለች፤ ርዕሱን አታውቀውም፣ ሽፋኑ ላይ ቀበሮ እንደነበረ ብቻ ታስታውሳለች። አንድ የታክሲ ሾፌር የአያቱ ስም የተጠቀሰበት አንድ የአርበኞች ታሪክ አለ መባሉን ሰምቷል። አንዲት እናት ዋሽንግተን ላሉት የልጅ ልጆቿ ፊደል የሚያስቆጥር መጽሐፍ፣ ግን ሥዕሉ የኛን ቤትና የኛን ዶሮ የሚመስል፣ ትላለች። በየክረምቱ ከውጭ የሚመጡ ደንበኞቼ ሚዛን ይዘው ነው የሚገዙት፤ ለአንዱ ሻንጣ የተፈቀደው 23 ኪሎ ነው፣ በርበሬና ሽሮው ቦታውን ይዞታል፣ ስለዚህ የትኛው መጽሐፍ ይሂድ፣ የትኛው ይቅር ብለን አብረን እንመርጣለን። ስልካችሁ የርዕሱን ስም ካወቃችሁ ያመጣላችኋል። ቀበሮዋን ግን እስቲ ጠይቁት።

ፒዲኤፉን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፤ ያመኛል። በኛ አገር ደራሲው ብዙውን ጊዜ የሚያሳትመው ከኪሱ ነው፤ ተበድሮ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ አንዳንዱም የሚስቱን ወርቅ ሸጦ። የወረቀት ዋጋ በየጊዜው ይንራል፤ ማተሚያ ቤቱ ሳይከፈለው ሥራውን አይጀምርም። መጽሐፉ ወጥቶ ወር ሳይሞላው አንዱ በስልኩ ካሜራ ገጽ በገጽ አንስቶ ይለቀዋል። ዓይነ ስውር ለሆነ ወንድማችሁ ድምፅ ብታደርጉለት፣ ከገበያ የጠፋ ጥንታዊ መጽሐፍ ብታነቡበት አልቃወምም። በሕይወት ያለ ደራሲ ትናንት ያሳተመውን ግን አትውሰዱበት። መግዛት ካልቻላችሁ ኑና ንገሩኝ፤ እኔ ጋ ማከራየት አልቆመም። እንደኔ ያለ ሻጭ ባታገኙ እንኳ ሁለት ሆናችሁ ግዙ፣ ተዋዋሱ።

ለመክፈት ላሰባችሁት ደግሞ የማውቀውን ልስጣችሁ። ልብ ወለድና ታሪክ ብቻውን ኪራይ አይከፍልም። የኔን ኪራይ የሚከፍለው የመስከረም ደብተርና የተማሪ ማጣቀሻ ነው፤ እሱን እንደ ውርደት አትቁጠሩት፣ በእሱ የገባው ልጅ ነገ ሌላውን ይገዛል። ደራሲ መጽሐፉን በኮሚሽን ሲያስረክባችሁ የወሰዳችሁትን ቁጥር ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ የተሸጠውንም ሳይጠይቃችሁ ራሳችሁ ደውላችሁ ክፈሉት። የገዛ ገንዘቡን እየለመነ ስድስት ወር በየደጃፉ የተንከራተተ ደራሲ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ መጽሐፍ አልጻፈም። ግድግዳችሁን ከክረምቱ በፊት መርምሩ፤ እርጥበት ከብል ይብሳል። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ሳታደርጉ የመጀመሪያውን መደርደሪያ አትምቱ፤ እኔ በአንድ ሐምሌ ሌሊት አርባ ምናምን መጽሐፍ ያጣሁት በዚህ ስንፍና ነው። ቆሞ የሚያነበውን ሰው ተዉት። ወንበር ካላችሁ ስጡት።

ቦታ እንደሚነቀል ደግሞ ከወዲሁ እወቁት። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ በልጅነቴ መጽሐፍ ያዞርኩባቸው በረንዳዎች ሄዱ፤ የኔም ሰፈር ተራው ደርሶት ሱቄን ቀይሬያለሁ። ስለ ከተማው ዕቅድ ሌላ ሰው ይጻፍ። እኔን ያስጨነቀኝ ሰዉ መበተኑ ነው፤ አንዱ ኮዬ ፈጬ፣ አንዱ ጎሮ፣ አንዱ ገላን። የሱቁን ዕቃ በአንድ አይሱዙ አጋዝን፤ ደብተሮቹን ግን ለሹፌሩም ለተሸካሚውም አልሰጠሁም፣ በፌስታል ይዣቸው ነው የሄድኩት። አዲሱ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት መጽሐፍ መደርደር ሳይሆን ስልክ መደወል ነበር። «እዚህ ነኝ» እያልኩ ሦስት ቀን ሙሉ ደወልኩ። ከኮዬ ፈጬ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ አሉ። ያዋጣል ወይ ለምትሉኝ፣ እኔን ያቆዩኝ እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ ሁላችሁንም የምለምናችሁ፣ በየሰፈራችሁ ባለው መጽሐፍ ቤት ግቡና ስማችሁን ተናገሩ። ምን እንዳነበባችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ ንገሩት። ባይኖረውም ንገሩት። ሻጩ ደብተር ከሌለው ግዙለት።

አንድ የግል ጉዳይ ይቀረኛል። በ2004 ከሌላ ማዳበሪያ ውስጥ ያው የ1948ቱ እትም ወጣልኝ። በመጀመሪያው ደብተር የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለውን ስልክ ብደውል አልሠራም፤ ቁጥሩ የድሮው ባለ ስድስት አኃዝ ነበር፣ የከተማው ስልክ ከተቀየረ ቆይቷል። አዲሱን አስተካክዬ ብሞክር ያነሳችው ሴት አታውቃቸውም። ሰፈራቸው ሄጄ ጠየቅኩ፤ ጎረቤቶቹ ተነስተዋል። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ነገር ግን ከእናንተ መሃል አያቱ አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ የአማርኛ መምህር የነበሩ፣ ባርኔጣ የማይለያቸው፣ ቃል በአበገደ የሚፈልጉ ካሉ፣ ይምጣና ይንገረኝ። መጽሐፉ ባንኮኒው ሥር ነው፤ ስማቸው ያለበት ወረቀት ውስጡ ነው። ዋጋው ዛሬም 300 ብር ነው።