ዝርዝሩን ተወውና መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን ክፈት

ወንድሜ፣ ባለ 4 ጂቢ ራም ዊንዶውስ 10 ላፕቶፕህ ስለተንቀራፈፈ ከዩቲዩብ ያገኘኸውን ረጅም የሰርቪስ (ከጀርባ ሆኖ የሚሠራ ፕሮግራም) ዝርዝር አንድ በአንድ ልዝጋው ወይ ብለሃል። በፍጹም እንዳታደርገው። ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ያንተን ማሽን አያውቀውም። የዘመድና የጎረቤት ኮምፒውተር ሳይ፣ እንዲህ ባለ ዝርዝር ዋይፋዩ ወይም ድምፁ የጠፋ ላፕቶፕ በየጊዜው ይገጥመኛል፤ ባለቤቱም የትኛውን እንደዘጋ አያስታውስም።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫንና የትኛው ፕሮግራም ማሽኑን እንደሚበላ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ክፈት። ዲስክ የሚለውን ዓምድ ስትነካው ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይወጣል። ምንም ሳትሠራ 100 ፐርሰንት ላይ ተቸክሎ ከቆየና ዲስክህ የድሮው የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ፣ መጀመሪያ ሲስሜይንንና ዊንዶውስ ሰርችን ጠርጥር። ሲስሜይን የምታዘወትራቸውን ፕሮግራሞች አስቀድሞ ራም ላይ የሚጭን ነው፣ ድሮ ሱፐርፌች ይባል ነበር። አቁመውና ሞክር፤ ለውጥ ካላየህ መልሰው። ዊንዶውስ ሰርችን ብትዘጋ ፍለጋ ይዘገያል እንጂ ፋይል አይጠፋብህም።

ፕሪንተር ከሌለህ የሕትመት ሥራን የሚያስተናግደው ፕሪንት ስፑለር ይዘጋ። ፍጥነት አይጨምርልህም፤ ግን በ2021 ፕሪንትናይትሜር የተባለው የደህንነት ቀዳዳ የተገኘው እሱ ላይ ነው። ወደ ፒዲኤፍ ፕሪንት ማድረግም አብሮ እንደሚቆም እወቅ። የኤክስቦክሶቹን (የጌም ሰርቪሶቹን) ተዋቸው፣ አብዛኞቹ ማኑዋል ስለሆኑ ካልተጠሩ አይነሱም።

ዊንዶውስ ራሱ የሚቆምበት አርፒሲ፣ የኔትወርክ አድራሻ የሚያመጣው ዲኤችሲፒ ክላየንት፣ የፋይሎችን ዲጂታል ፊርማ የሚያረጋግጠው ክሪፕቶግራፊክ ሰርቪስስና ከቫይረስ የሚከላከለው ዲፌንደር ጋ እንዳትደርስ። ፓኬጅ እንዳያልቅብህ ብለህ አፕዴትን ለመዝጋት ካሰብክም ተው፤ ዋይፋዩን ሚተርድ (ዳታው የተገደበ) አድርገው፣ የዊንዶውስ ሴቲንግስ ላይ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ውስጥ ገብተህም ከሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር መቀባበሉን አጥፋ፤ አለበለዚያ ያወረድከውን አፕዴት በራስህ ዳታ ለማታውቀው ሰው ሊያቀብል ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ኤምኤስኮንፊግ (msconfig) የሚባለውን የዊንዶውስ መሣሪያ ክፈትና ሰርቪስስ ውስጥ የማይክሮሶፍቶቹን ደብቅ የሚለውን ምልክት አድርግ። የሚቀሩት ራስህ የጫንካቸው ፕሮግራሞች፣ ወይም የላፕቶፑ አምራችና ድራይቨሮች (እንደ ድምፅና ዋይፋይ ያሉትን የሚያሠሩት) ይዘዋቸው የመጡ ናቸው፤ የድራይቨሮቹን ተዋቸው፣ የማትጠቀምበትን ፕሮግራም ከነጭራሹ አንሳው። ታስክ ማናጀር ላይ ስታርታፕ የሚለውንም (ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን) እንደዚሁ አጽዳ።

የዊንዶውሱን ሰርቪስ ስትነካ ግን አንድ በአንድ ይሁን። የነበረበትን ሁኔታ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ቀይር፣ ሪስታርት አድርግ፣ አንድ ቀን ሥራበት። ዲስኤብል (ጨርሶ እንዳይነሳ) ከማድረግህ በፊትም ማኑዋል ይበቃው እንደሆነ ሞክር። እስከዚያው የታስክ ማናጀሩን ፎቶ አንስተህ ላከው፣ አብረን እናየዋለን።