የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ፦ ስለ ዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ጠይቁኝ

ደሴ ላይ ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ዛሬ ማታ ስለ ምዕራፉ ጠይቁኝ። የእምነት ጥያቄ ግን ለሸሆቹና ለቀሳውስቱ ነው፤ ለእኔ አታምጡት።

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ ሰው ከዝንጀሮ መጣ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ መጽሐፉ እንዲያ አይልም። ሰውና ቺምፓንዚ የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው ነው የሚለው። የአጎትህ ልጅ አባትህ አይደለም፤ አያታችሁ ግን አንድ ነው።

ከሰኞ ገበያ፦ የድንቅነሽን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ማን ቆጠረው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! የተለካው አጥንቷ አይደለም። አጥንቷ ከተገኘበት ደለል ጋር የተነባበረው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ፖታሲየም ያለባቸው ደቃቅ ክሪስታሎች አሉ። ፖታሲየም 40 የሚባለው ዓይነት ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ከፊሉም አርጎን ጋዝ ይሆናል። ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል። ዓለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይታሰራል። የታሰረውን ለክተው ዕድሜውን ያሰላሉ። የተገኘችበት ሐዳር ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም። ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ ወርዳችሁ ነው።

አሁን ደግሞ ብድግ በሉና ጭናችሁን ዳስሱ። አጥንቱ ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የቺምፓንዚ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የድንቅነሽ እንደ እኛ ነው፤ በሁለት እግሯ ነበር የምትሄደው።

ከገራዶ፦ ከዝንጀሮ ከመጣን ዝንጀሮ ለምን ዛሬም አለ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ሳታነቡ አትጠይቁ።

ከፒያሳ፦ የእኛ መምህር «ኃጢአት ነው» ብሎ ምዕራፉን ዘለለው።

ከሮቢት፦ ደግ አደረገ! ልጆቻችን በቁርአንና በመጽሐፍ ቅዱስ ነው ያደጉት።

ከፒያሳ፦ ፈተና ላይ ሲመጣ አንተ ትሠራልኛለህ?

ከሮቢት፦ አሜሪካ እንኳ ፍጥረትን በሳይንስ ክፍል ያስተምራሉ።

መልስ፦ ተረጋጉ። ዝግመተ ለውጥ ከተማሩ የፍጥረትንም «ሳይንስ» እኩል ይማሩ የሚለውን የሉዊዚያና ግዛት ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1987 እ.ኤ.አ. ሽሮታል። መምህሩ ያሻውን ይመን። ምዕራፉን መዝለል ግን የልጁን ድርሻ መንጠቅ ነው። ይህ ያንገበግበኛል። እምነቱን ደግሞ፣ ብያችኋለሁ፣ ለእኔ አታምጡት።

ከኮምቦልቻ፦ በዓይኔ ያላየሁትን ለውጥ እንዴት ልቀበል?

መልስ፦ ወባን ታውቃለህ። ክሎሮኪን የተባለው መድኃኒት ፋልሲፓረም የሚባለውን ወባ አላድን ሲል፣ በ1998 እ.ኤ.አ. በፋንሲዳር ተተካ። ያም ሲደክም በ2004 እ.ኤ.አ. ኮአርተም መጣ። መድኃኒቱ ደካማውን ተሕዋስ ገደለ፤ የቻለው ተረፈና ተባዛ። የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለው ይኸው ነው።

ከሸዋ በር፦ ስለ ዝግመተ ለውጥ ባጭሩ ያስረዱን።

መልስ፦ ምኑን? ገጽ ጥቀስና ተመለስ።