ሻዩን አፍዪው፣ ቡናውን አታፍዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የህንድ ሻይ እቤትሽ ስትሠሪ ውሃ ውሃ እንደሚልብሽ፣ የቅመም ሽታውም እንደማይወጣ ጽፈሻል። ዝንጅብል ስትጨምሪበት ወተቱ እየተቆራረጠ አስቸግሮሻል። ሄል ሲጠፋ በኮረሪማ መተካት ይቻላል ወይ ብለሻል። ህንዶች በቅመም የሚጠጡት ቡናስ እንዴት ነው የሚሠራው ብለሽም ጨምረሻል። ለትምህርት ባንጋሎር በነበርኩበት ጊዜ የቤት አከራያችን የታሚል ናዱ ሴት ነበሩ፤ አማ ነበር የምንላቸው። ጎረቤታችን ደግሞ የጉጅራት ቤተሰብ ነበር። ከሁለቱ ቤት ያየሁትንና እስከ ዛሬ ቤቴ የምሠራውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። እኛ ቡናን በጀበና እናፈላለን። ሻይን ግን ቅጠሉን የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምረን፣ ቀለሙ ሲወጣ ወዲያው እናወርደዋለን። እዚያ ተገላቢጦሽ ነው። ሻዩ ከነወተቱ እሳት ላይ ይንተከተካል። የደቡብ ህንዶቹ የፊልተር ቡና ግን እሳት አይነካውም። በእኛ ልማድ ሻዩን ቶሎ ካወረድሽው ውሃ ይሆናል፤ ቡናውን እንደ ጀበና ካፈላሽው ይመርራል። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ከሻዩ ልጀምር። ህንዶች በየቤቱ የሚያፈሉት ሻይ ቅጠል አይመስልም፤ ደቃቅ ጥቁር እንክብል ነው። ሲቲሲ ይሉታል። ጥርስ ባላቸው ሲሊንደሮች መሃል ቅጠሉ ተጨፍልቆ፣ ተቆራርጦና ተጠቅልሎ የሚወጣ ነው። ዘዴው የተጀመረው በ1930ዎቹ በአሳም ነው። እንክብሉ ቀለሙንም ጉልበቱንም በፍጥነት ይለቃል። ይህ ለወተት ሻይ ወሳኝ ነው። የወተቱ ፕሮቲን የሻዩን ምላስ የሚይዝ ጣዕም ስለሚያስረው፣ ደካማ ሻይ ወተት ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ስለዚህ የህንድ ሱቅ ያለበት አገር ካለሽ ሬድ ሌብል፣ ታታ ወይም ዋግ ባክሪ የሚል ፓኬት ፈልጊ። አገር ቤት ካለሽም አትጨነቂ። የእኛው ደቃቁ ሻይ ቅጠል ይሠራል፤ መጠኑን ብቻ ጨመር አድርጊ። ረጃጅም ቅጠል ያለውን የዳርጂሊንግ ሻይ ግን ለዚህ አትግዢ። እሱ ለብቻው፣ ያለ ወተት የሚጠጣ ለስላሳ ሻይ ነው፤ ከወተት ጋር ብታንተከትኪው ሽታው በንኖ ገንዘብሽም አብሮ ይሄዳል።

ለ2 ሰው 1 ኩባያ ውሃ፣ 1 ኩባያ ስቡ ያልወጣለት ወተት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ሙሉ ሻይ ቅጠል፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል እርጥብ ዝንጅብል እና 4 ፍሬ ሄል ይበቃል። ስኳሩ እንደ ቤቱ ነው፤ እነሱ ጋ ጣፈጥ ይላል። ዝንጅብሉንና ሄሉን በሙቀጫ ገጭ ገጭ አድርጊያቸው። ሄሉን ከነልጣጩ ነው፤ ልጣጩም ሽታ አለው። ውሃው ውስጥ ጨምረሽ ከፈላ በኋላ 4 ወይም 5 ደቂቃ ይንተክተክ። ውሃው ራሱ ቅመም ቅመም ሲሸት ሻይ ቅጠሉንና ስኳሩን ጨምሪ። 2 ደቂቃ ካፈላሽው በኋላ ወተቱን ጨምሪ። አሁን አጠገቡ ቁሚ፤ ስትዞሪ ይገነፍላል። ሊገነፍል ከፍ ሲል እሳቱን ቀንሺ፣ ሲወርድ መልሰሽ ጨምሪ። 3 ጊዜ ያህል ከፍና ዝቅ ይበል። ጉጅራቶቹ ጎረቤቶቻችን በዚህ መሃል በጭልፋ ከፍ እያደረጉ ይቀዱትና መልሰው ያፈሱት ነበር፤ ይህ ስልባቦት እንዳይጋገር ያደርጋል። ቀለሙ ሸክላ መሰል ቡናማ ሲሆን አጥልዪው።

የቅመም ሽታው አይወጣም ያልሽው እዚህ ይፈታል። ቅመሙን ከወተቱ ጋር ወይም መጨረሻ ላይ እየጨመርሽ ይመስለኛል። ቅመም በቅድሚያ ውሃው ውስጥ ጊዜ ማግኘት አለበት። ሌላው ምክንያት የተፈጨ ቅመም ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ነው። የሄልና የቅርንፉድ ሽታ የሚመጣው ከሚተን ዘይታቸው ነው፤ ከተፈጩ በኋላ ቶሎ ይተናል። አማ ማታ ለነገ የሚሆነውን እንኳ አይወቅጡም ነበር። ውሃው ምድጃ ላይ እያለ ነው ሙቀጫው የሚሰማው።

ወተቱ የሚቆራረጠው በዝንጅብሉ ምክንያት ነው። እርጥብ ዝንጅብል ውስጥ ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ጥሬውን ከወተት ጋር ካገናኘሽው ወተቱን ይቆራርጠዋል። ውሃ ውስጥ በደንብ ሲፈላ ግን ኢንዛይሙ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ ወተቱ ሰላም ነው። ስለዚህ እነዚያ 4 እና 5 ደቂቃዎች ለሽታው ብቻ አይደሉም። በስኳር ፋንታ ጃገሪ የምትጠቀሚ ከሆነም ተጠንቀቂ። ጃገሪ ያልተጣራ የሸንኮራ አገዳ ስኳር ነው፤ ኮምጠጥ የሚያደርግ ባሕርይ ስላለው በፈላ ወተት ላይ ሲጨመር አንዳንዴ ይቆራርጠዋል። ሻዩን ካወረድሽ በኋላ ጃገሪውን ጨምረሽ አማስዪው። ወተቱ ራሱ ያደረ ከሆነ ግን ምንም አያድነውም።

ስለ ቅመም ብዛት አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ስታዪ 8 እና 10 ዓይነት ቅመም ይደረድራሉ። በየቀኑ የሚጠጣው የቤት ሻይ ግን እንደዚያ አይደለም። ባየሁት ቤት ሁሉ ዝንጅብል ብቻ፣ ወይም ሄል ብቻ፣ ወይም ሁለቱ ናቸው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ ብርድ ሲሆን ወይም ጉንፋን ሲይዝ ነው የሚጨመሩት። ሲጨመሩም በጥንቃቄ ነው፤ ለ2 ሰው 1 ቅርንፉድ ይበቃል። 3 ካደረግሽ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸትሻል። ጉጅራቶቹ ደግሞ ጠጅ ሳርና ናና ይጨምሩበታል። ይህንን ሞክሪው፤ ጠጅ ሳር አገራችን በየጓሮው አለ፣ ከዝንጅብል ጋር ደግሞ በጣም ይስማማል። ጨጓራ ያለበት ሰው ቤት ካለ ቁንዶ በርበሬውን ተይው።

በነገራችን ላይ ይህ ሻይ የጥንት የሚመስለን ብዙ ነን። ቅመም አፍልቶ መጠጣት በህንድ የቆየ ነው። የሻይ ቅጠል በየቤቱ መግባት ግን በአብዛኛው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነገር ነው። የእንግሊዝ ሻይ አምራቾች ህንዶች ራሳቸው ሻይ እንዲጠጡ ብዙ ዘመቻ አካሂደዋል። የመንገድ ሻይ ሻጮች ግን ወተትና ስኳሩን አብዝተው፣ ቅመም ጨምረው፣ በራሳቸው መንገድ አፈሉት። ቅመም ሲበዛ ሻይ ቅጠሉ ስለሚቀንስ አምራቾቹ አልወደዱትም ነበር። ሕዝቡ ግን የራሱን ይዞ ቀጠለ። ዱባይና ዶሃ የኖራችሁ የምታውቁት ከረክ ሻይም የዚሁ ዘመድ ነው፤ እዚያ በብዛት የጣሳ ወተት ስለሚገባበት ወፈር ይላል።

አሁን ኮረሪማው። ሄልና ኮረሪማ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ ሁለቱም የዝንጅብል ዘመዶች። ጣዕማቸው ግን ይለያያል። ሄል ቀዝቀዝ የሚያደርግ፣ ጣፋጭና ብሩህ ሽታ አለው። ኮረሪማ ከበድ ይላል፣ ትንሽ እንጨት እንጨት ይላል። መተካት ይቻላል፣ ጥሩ ሻይም ይወጣዋል፤ የህንዱን ጣዕም ግን አትጠብቂ። ልጣጩን ጣይና ከ1 ኮረሪማ 5 ወይም 6 ዘር ብቻ ወቅጠሽ ጨምሪ። የህንድ ሱቅ ከገባሽ ደግሞ ትልቁን ጥቁር ሄል እንዳትገዢ። ኮረሪማ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያሳስታል። እሱ በጭስ የሚደርቅ ስለሆነ ለወጥና ለሩዝ ነው፤ ሻዩን ጭስ ጭስ ያሰኘዋል። የምትፈልጊው ትንሹን አረንጓዴ ነው።

ወደ ቡናው እንሂድ። መጀመሪያ መለየት ያለበት ነገር አለ። ታዋቂው የደቡብ ህንድ ፊልተር ቡና በመሠረቱ ቅመም የለውም። ቅመም ያለው ሌላ ነው፤ ታሚሎቹ ሱኩ ካፒ፣ ኬረላዎቹ ቹኩ ካፒ የሚሉት። ሁለቱን አንድ ላይ ማደባለቅ ሁለቱንም ያበላሻል።

የፊልተር ቡና ዕቃው ከነሐስ ወይም ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የሚቀመጥ ሁለት ኩባያ ነው። የላይኛው ታቹ ደቃቅ ቀዳዳ አለው። ቡናው እላዩ ላይ ይደረጋል፣ እጀታ ባለው ክብ ማፈኛ በስሱ ይጫናል። ከዚያ ፈልቶ ትንሽ በረድ ያለ ውሃ ይፈስበትና ተከድኖ ይተዋል። ጠብ ጠብ እያለ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይወስዳል። አማ ማታ አዘጋጅተው ይተኙ ነበር፤ ጠዋት ታች ያለው ኩባያ ውስጥ ወፍራም ጥቁር ጭማቂ ይጠብቃል። ያንን ጭማቂ መልሶ እሳት ላይ መጣድ የለም። የሚፈላው ወተቱ ብቻ ነው። 1 እጅ ጭማቂ፣ 3 እጅ የሚያቃጥል ወተት፣ ስኳር፤ ከዚያ ከብርጭቆው ወደ ጎድጓዳው ሳህን፣ ከሳህኑ ወደ ብርጭቆው ከፍ አድርጎ እያንቆረቆሩ አረፋ ማስያዝ።

ቡናውን እንደ ጀበና ቡና አድቅቀሽ አትፍጪው፤ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሻከር ይበል። ዕቃው ከሌለሽ ሞካ የሚባለው የጣሊያኖቹ የቡና ማፍያ ይቀርበዋል፤ ምንም እንኳ እሱ እሳት ላይ ቢጣድም። እነሱ ቡናቸው ላይ ቺኮሪ የሚባል ተቆልቶ የተፈጨ ሥር ይቀላቅላሉ፤ በብዛት ከ20 እስከ 30 በመቶ። ቺኮሪ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ጭማቂውን ያወፍረዋል፣ በወተት ውስጥም መራራነቱ ጎልቶ እንዲቀር ያደርጋል። ካላገኘሽ ተይው፣ ወተቱን ግን ከ3 እጅ ወደ 2 እጅ አውርጂ። ከእኛ ቡና ደግሞ ጅማ ወይም ወለጋ ጠቆር ብሎ ተቆልቶ ጥሩ ይሆናል። የይርጋ ጨፌን ቡና በዚህ ሁሉ ወተትና ስኳር መሸፈን ግን አንጀቴ አይችልም።

ደቡብ ህንድ ውስጥ ቡና የሚበቅልበት ቺክማጋሉር ተራራ ላይ ስሄድ እዚያ ያሉ ሰዎች የነገሩኝን ላንሳ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ባባ ቡዳን የሚባሉ ሱፊ ከሐጅ ሲመለሱ ከየመን 7 የቡና ፍሬ ይዘው መጥተው እዚያ እንደተከሉ ይተረካል። ተራራው ዛሬም በስማቸው ይጠራል። የየመኑ ቡና ደግሞ ከየት እንደሄደ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላቸው ቡና ያቀረቡልኝ በሁለት እጃቸው ነው።

ሱኩ ካፒ ለእኛ ቤት በጣም የሚስማማ ይመስለኛል። ወተት የለውም፤ ስለዚህ በጾም ይጠጣል። 2 የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ዝንጅብል ዱቄት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በስሱ የታመሰ ድንብላል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 4 ወይም 5 ሄል አብረሽ ፍጪና በጠርሙስ ክደኚ። ዝንጅብሉ የግድ የደረቀ ይሁን። ሲደርቅ የሚያቃጥለው ነገር ባሕርዩን ይለውጣል፣ እርጥቡ የማይሰጠውን ጉሮሮ የሚያሞቅ ኃይል ያገኛል። ለ2 ኩባያ ውሃ ከዚህ 1 የሻይ ማንኪያና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቡና ጨምረሽ 5 ደቂቃ አፍዪው። እዚህ ቡናው ቢፈላም ግድ የለም፤ ከቅመሞቹ እንደ አንዱ ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው። እነሱ ከዘንባባ የሚሠራ ጥቁር ጃገሪ ይጨምሩበታል። ከሌለሽ ቡናማ ስኳር አድርጊ። አማ አንዳንዴ ቱልሲ የሚሉትን ቅጠል ይጨምሩበት ነበር፤ የበሶብላ ዘመድ ነው። እኔ ከጓሮዬ በሶብላ 3 ቅጠል ጣል አደርግበታለሁ። ካወረድሽው በኋላ 2 ደቂቃ ይርጋና ከላይ ከላይ ቅጂው።

በጾም ሻዩን ለማትተው ደግሞ የኬረላ ሰዎች ሱለይማኒ የሚሉት አለ። ያለ ወተት፣ በሄልና በቀረፋ ፈልቶ፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ ጠብ የሚደረግበት ቀይ ሻይ ነው። እሱን ስትሠሪ ቅጠሉን እንደ እኛ ቶሎ አውርጂው፤ የሚጨማድደውን ጣዕም የሚያለዝብ ወተት የለውምና። የኦቾሎኒ ወተትም ከዝንጅብል ሻይ ጋር ሞክሬዋለሁ፣ ይሆናል፤ ሻይ ቅጠሉን ቀነስ ማድረግ ነው።

እንግዳ ሲበዛ ከምትሠሪው መጠን ላይ ወተቱን፣ ውሃውንና ሻይ ቅጠሉን እንዳለ አባዢ። ቅመሙን ግን እንደዚያ አታባዢው። ለ10 ሰው ሲሆን ለ2 ሰው ከምታደርጊው 3 እጥፍ ይበቃል፤ በተለይ ቅርንፉዱ። ፔርሙዝ ውስጥ የምታስቀምጪው ከሆነም በደንብ አጥልለሽ ነው። ቅጠል ከገባበት ለሁለተኛው ዙር ሲቀዳ ይመርራል።