የድሮ ኢሙሌተር ለልጆች ላፕቶፕ ያሰጋል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። «ድሮ የምጫወትበትን ዜድስኔስ የተባለ የሱፐር ኒንቴንዶ ኢሙሌተር ለልጆቼ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩላቸው። ጌም ብቻ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?» ብለህ ጠይቀሃል። ኮምፒውተር ጥገና ላይ ስለምውል ይህ ነገር በተደጋጋሚ ይገጥመኛል። ችግር አለው። ጌሞቹን ተዋቸው አልልህም፤ ኢሙሌተሩን (የድሮውን የጌም መሣሪያ በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለውን ፕሮግራም) ግን ቀይረው።

በብዙዎቻችን እጅ ያለው ዜድስኔስ 1.51 ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2007፣ ዊንዶውስ ቪስታ ለገበያ በቀረበበት ሰሞን ነው። በ2015 ለዚሁ እትም ተብሎ የተሠራ ሮም (የጌም ፋይል) ታየ። ሮሙ ሲከፈት ከኢሙሌተሩ አልፎ ኮምፒውተሩ ላይ የፈለገውን ኮድ ማስኬድ ቻለ።

እንዴት ሆነ? ሮም እንደ ፎቶ የሚታይ ፋይል ብቻ አይደለም፣ ራሱ ፕሮግራም ነው። ኢሙሌተሩ ትእዛዞቹን እያነበበ ይፈጽማል። ሮሙ «ይህን ቁጥር እዚህ ቦታ ጻፍ» ሲለው፣ ቦታው ለጌሙ ከተመደበው ሜሞሪ ውስጥ መሆኑን ማጣራት አለበት። ዜድስኔስ በአብዛኛው በአሴምብሊ (ለማሽኑ ቋንቋ በጣም በቀረበ የፕሮግራም ቋንቋ) የተጻፈው በዚያ ዘመን ደካማ ማሽኖች ላይ እንዲፈጥን ነው። ማጣራቱ በተዘለለበት ቦታ ሮሙ ከክልሉ ወጥቶ የኢሙሌተሩን የራሱን ሜሞሪ ይቀይራል። ከዚያ በኋላ አንተ በዚያ አካውንት ማድረግ የምትችለውን ሁሉ እሱም ማድረግ ይችላል። ኢሙሌተሩን «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» ብለህ ከከፈትክማ ማሽኑን አሳልፈህ ሰጠኸው ማለት ነው።

ለዚህ ጌም መክፈት እንኳ ላያስፈልግ ይችላል። በ2016 ክሪስ ኤቫንስ የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ በሊኑክስ ላይ ይህን አሳይቷል። የሱፐር ኒንቴንዶን የድምፅ ቺፕ የሚያስመስል ኮድ በሙዚቃ ማጫወቻው ውስጥ ነበር። ፋይሉ ላይ ላዩን ተራ ሙዚቃ ይመስላል። ሲከፈት ግን ቀዳዳው በዚያ አስመሳይ ኮድ በኩል ተገኘ።

ይህ ማለት ያሉህ ጌሞች ሁሉ ተበክለዋል ማለት አይደለም። ከእውነተኛ ካርትሪጅ (ጌሙ ከተሸጠበት ካሴት) የተቀዳ ሮም ኮምፒውተር ሊያጠቃ አልተሠራም። እኔን የሚያሳስበኝ ማን እንደነካካው የማይታወቀው ነው፤ ከየሳይቱ የወረደ የተቀየረ ጌም፣ ከሰው የተላከ ሴቭ ስቴት (ኢሙሌተሩ ጌሙን ባለበት ቅጽበት የሚያስቀምጥበት ፋይል)፣ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ፍላሽ። ከዚያም በላይ በተግባር ብዙ ሰው የሚጎዳው በቀላሉ መንገድ ነው። ደንበኛ ባመጣው ፍላሽ ላይ «ሱፐር ማሪዮ» የሚል ፎልደር ከፍቼ አይቻለሁ። ውስጡ ያለው አንድ ፋይል ብቻ፣ መጨረሻው ኢኤክስኢ (ማለትም ራሱን የቻለ የኮምፒውተር ፕሮግራም)፣ መጠኑ በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር። ሱፐር ማሪዮ ወርልድ 512 ኪሎባይት ነው! የሱፐር ኒንቴንዶ ሮም መጨረሻው ኤስኤፍሲ ወይም ኤስኤምሲ ነው፤ ትልልቆቹም 6 ሜጋባይት ገደማ ናቸው። የሱፐር ኒንቴንዶ ጌም ነው ተብሎ ከዚያ ውጭ የሆነውን ሳትከፍት አጥፋው።

በምትኩ ስኔስ ናይን ኤክስ ወይም ሜሰን ጫን። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ከራሳቸው ከሠሪዎቹ ገጽ አውርድ። የጌምቦይ አድቫንስ ጌሞች ካሉህም የድሮውን ቪዡዋል ቦይ አድቫንስ ትተህ ኤምጂቢኤ ተጠቀም። ለልጆቹ ደግሞ አድሚኒስትሬተር ያልሆነ አካውንት ክፈትላቸው። የኢሙሌተሩን ፎልደር «ዶክመንትስ» ውስጥ ካስቀመጥከው ያለ አድሚን ፈቃድም ሴቭ ያደርጋል።

ልጆቹ የደረሱበት እንዳይጠፋ ሴቭ ስቴት ላይ አትተማመን፤ አዲሱ ኢሙሌተር ላይከፍተው ይችላል። መጀመሪያ በጌሙ በራሱ ሴቭ ያድርጉ። ከዚያ የጌሙን ሴቭ የያዘውን፣ መጨረሻው ኤስአርኤም የሆነውን ፋይል ከሮሙ ጋር በአንድ ስም ወደ አዲሱ የሴቭ ፎልደር ገልብጠው። ካቆሙበት ይቀጥላሉ።